የነካና የሰረቀ

…የሰረቀ ማለት ነበረበት፣ የነካ ሳይሆን የሰረቀ፣ አንዲት ቃል ናት፣ አባ ገብረ አማኑኤል እንኳ ግዝቱን ከማወጃቸው በፊት ደጋግመው ጠይቀውታል፣ ይርዳው ልጄ፣ የሰረቀ ልበል ወይስ የነካ፣ የነካ ይበሉልኝ አባ ያለው ራሱ ነው፣ ብልጥ ነኝ ባይ፣ የሰረቀ ካሉማ ሌባው ባትሪውን ፈታሁት እንጂ አልሰረቅሁትም ብሎ ይከራከራል፣ መስኮት ሰብሮ ባዶ እጁን የተመለሰውም በነፃ ይሄዳል፣ የነካ ግን መውጫ የለውም፣ እንዲህ ብሎ አስቦ ነበር፣ አሁን ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሩ እህህ ይልና ይተወዋል፣ ደግሞ ያዞራል፣ ቀጭ፣ ከዚያ ቀጭም የለም። ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ሚስቱ ፀጋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ተደፍታለች፣ ጎህ ሲቀድ ነው ምጡ የጀመራት፣ ደም አይታለች፣ አዋላጇ ሃና በስልክ ደም ካየች ቤት አትቆይም፣ አሁኑኑ አምጣት፣ አሁኑኑ ብላለች። ሆስፒታሉ ከከተማው ማዶ ነው፣ ለመኪና ምንም አይደል፣ ለእሷ እግር ግን ላሊበላ ማለት ነው።

አምቡላንሱ ኒሯቅ ወርዷል አሉ፣ ሩቅ ነው። ባጃጆቹ ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ መኪና ማደሪያው ግቢ ጥግ ላይ ተደርድረው ዶሮ ይሰፍርባቸዋል። ገበያ የጫኑት አይሱዙዎች ሳይነጋ ወጥተዋል፣ ትናንት ማታ ቁልቁለቷን ቦታ ይዘውበት እሱ ሜዳው ላይ አቆመ፣ ቁልቁለቷ ብትኖር ፍሬኑን ለቆ ተንከባሎ ያስነሳው ነበር፣ ሰሞኑን እንዲያ ነው የሚያደርገው፣ ዛሬ ግን ሜዳ፣ ጠጠር፣ ብቻውን በሩን ከፍቶ ትከሻውን ሰጥቶ ገፍቶታል፣ ፒክአፑ ንቅንቅ አላለም። ናፍጣ አለው፣ መኪና አለው፣ መንገድ አለው። ባትሪ የለውም፣ ተሰርቋል፣ ያለው ጓደኛው በሪሁን ያዋሰው አሮጌ ነው፣ ሰው ካልገፋ አያስነሳም፣ ሰው ደግሞ…

ሰው ሞልቷል። እዚያ ቆሟል። ዘበኛው አያ ብዙነህ አሉ፣ ሻይ ሻጯ ቦሰና አለች፣ ወደ ፃግብጂ የሚሄደውን መኪና የሚጠብቁ መንገደኞች አሉ፣ ሁሉም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከትተዋል፣ እንደ በረደው ሰው፣ አልበረዳቸውም፣ እጃቸውን ነው የፈሩት። ክፉዎች አይደሉም፣ ይሄ ነው የሚያናድደው፣ ክፉ ቢሆኑ ይሰድባቸው ነበር፣ ቦሰና ታለቅሳለች፣ እምዬ ማርያም ድረሽላት እያለች ነጠላዋን ታኝካለች፣ አንዱ መንገደኛ አባ መጥተው ግዝቱን ይፍቱት ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጧል፣ ቅዳሴ ገብተው ከሆነ ግን ማን ያስወጣቸዋል። አያ ብዙነህ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እየለመነ ነው፣ ልጄ ይርዳው፣ ተኝቼ ጎማው ይሂድብኝ ካልኸኝ እተኛለሁ፣ እሱ ነው የነካኝ እላለሁ፣ እኔ ግን እንዴት ብዬ ልንካው፣ በዚህ ዕድሜዬ ተለይቼ ልሙት? በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ይፈርስ ነበር። አሁንም ትንሽ ስቋል መሰል፣ ፀጋ ቀና ብላ አየችው፣ ምን ያስቅሃል አንተ ሰውዬ።

ምንም። ምንም ፀጋዬ፣ ትንሽ ቻይ።

እና ሌባው ማን ነው? አሁንም ይሄን ያስባል፣ ሚስቱ አጠገቡ እያቃሰተች፣ አያፍርም፣ ሐሳቡ ግን ዝንብ ነው፣ ቢያባርሩት እዚያው ይመለሳል። ባትሪው ከጠፋ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም፣ አንተ ሌባው ከሚያዝልህ እንዴት እንደሰረቀ ቢነግርህ ትመርጣለህ ብላዋለች ፀጋ፣ እውነቷን ነው። ምክንያቱም የማይገባ ስርቆት ነው። በዚህ ግቢ ሌባ አዲስ ነገር አይደለም፣ ስፖኪዮ ይነቀላል፣ ትርፍ ጎማ ይሄዳል፣ የአንዱ አስተማሪ መኪና መስኮቱ ተሰብሮ ጃንጥላው ተወሰደ፣ እሱም ያልሞከረው የለም፣ ኮፈኑን በሰንሰለት አሰረ፣ አፍንጫውን ከግንቡ ጋር አጋጥሞ አቆመ፣ ከልጆች መጫወቻ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት ነቅሎ መሪው ሥር ሰካ፣ ሰዉ የደወል መኪና ገዛ ብሎ አወራ፣ ውሻም አምጥቶ ነበር፣ ውሻው ከቦሰና ብስኩት ለምዶ እሷ ዘንድ ቀረ። ይሄኛው ሌባ ግን ሰንሰለቱን አልቆረጠም፣ ከታች ገብቶ ነው ባትሪውን የፈታው፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ስፖኪዮውን ቢያይም አልወሰደም፣ ሲጨርስ ደግሞ የገመዶቹን ጫፍ፣ አዎ ጫፋቸውን፣ እንዳይነካኩና እንዳያቃጥሉ በላስቲክ ጠቅልሎ አስሯቸው ሄደ። የሰው ባትሪ ወስደህ ለሰው መኪና ታስባለህ? ምን ዓይነት ሌባ ነው የሚሳሳ? ላስቲኩን ኪሱ ውስጥ ይዞት ከረመ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ነው፣ በጥሩ መቀስ፣ እንዲህ ያለ ላስቲክ የት ይገኛል፣ የትም ይገኛል፣ አህያ የሚጭን ሁሉ በሱ ነው የሚያስር።

ከዚያ ሌባውን ይገዝቱልኝ ብሎ ወደ አባ ሄደ፣ የፀጋ አጎት ናቸው፣ እምቢ አላሉትም፣ ደስም አላላቸውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ ከባለቤቱና ከቤተሰቡ በቀር ያችን መኪና የነካ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን አሉ፣ ምእመኑ በአንድ ድምፅ አሜን፣ እሱም አሜን። ሰራ፣ እንዴት አይሰራ፣ ስፖኪዮ ለማን፣ ጎማ ለማን፣ ዝንብም አላረፈበት። መኪና አጣቢው ግን ከሩቅ ሆኖ ውኃ ደፋበትና በቃ ወንድሜ አለው። ቦሰና ከኋላ መከላከያው ላይ ታሰጣው የነበረውን ፎጣ ሰበሰበች። አያ ብዙነህ ሲጠብቁትም ራቅ ብለው ነው፣ ነፋስ እንዳይገፋቸው ይመስል። ተሳፋሪ ደግሞ አንድም የለም፣ ለመሳፈር መንካት አለ። የግቢው ፍየል ብቻ ሥሩ ትተኛለች፣ ያልተጠመቀች።

አ… ይርዳው! ይርዳው!

አለሁ፣ አለሁ፣ እጄን ጨምቂው፣ ይኸው፣ እግዚአብሔር ያውቃል እኔ ምን ያህል፣ ወገኖቼ! ሰዎች! በጭንቅላቱ መስኮቱን ሊሰብረው ይደርሳል፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው እኮ፣ ምን ዓይነት ሃይማኖት ነው ይሄ፣ ይጮሃል፣ ድምፁ ይሰበራል፣ ምን ይበሉት፣ አሜን ያልኸው ከእኛ ጋር ነው ይበሉት? ፈርቷል። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

በሪሁን በግቢው በር ይገባል።

ጎሚስታው በሪሁን፣ ሱቁ ከግቢው አጥር ውጭ ናት፣ ዘይት የጠጣች ቱታውን ለብሶ ጎማ እያንከባለለ ነው፣ ያቆማል፣ ያያቸዋል። ጓደኛው ነው፣ ይርዳው ከደብረ ታቦር ተመድቦ ሰቆጣ ሲመጣ መጀመሪያ ያነጋገረው ሰው እሱ ነበር፣ አሮጌውንም ባትሪ ሳይጠየቅ ያመጣለት እሱ፣ እስክትገዛ ያዘው ብሎ፣ ፊቱን ወዲያ አዙሮ። ሰሞኑን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ወንድ ከተወለደ ክርስትና ታነሳልኛለህ አይደል ቢለው ሌላ ሰው ፈልግ፣ እኔ አይሆንልኝም አለ፣ ቅር ብሎት ነበር፣ እሑድ እሑድም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው የሚቆመው፣ ድሮ ግን ከበሮው አጠገብ ነበር። ቦሰና በኽምጣኛ ቶሎ ቶሎ ትነግረዋለች፣ በሪሁን ይሰማል፣ ጎማውን ይለቀዋል፣ ጎማው ብቻውን ሄዶ ግንቡ ሥር ይወድቃል።

ወደ መኪናው ይመጣል። በሪሁን ተው! ይላሉ አያ ብዙነህ፣ ግዝት አለበት እኮ፣ አልሰማህም እንዴ፣ አባ እስኪመጡ ታገሥ። ይርዳው በስፖኪዮው ያየዋል፣ በሪሁን ከኋላ ክንድ ያህል ሲቀረው ይቆማል፣ ሁለት እጆቹ አየር ላይ ናቸው፣ መዳፎቹ ጥቁር፣ ገና አልነካም፣ ይርዳው በደንብ እያየ ነው፣ ገና አልነካም፣ እንዲህ ይላል፦

እኔ ነክቼዋለሁ።

ከዚያ ይነካል።

ነክቼዋለሁ አለ? ሳይነካ? እነካዋለሁ ማለቱ ነው፣ አማርኛው እንዲህ ነው፣ የአፍ መፍቻው ኽምጣኛ አይደል፣ ትናንትና ነገ ይደባለቁበታል፣ ነገ መጥቻለሁ ይለዋል፣ ይርዳው ሁልጊዜ ነው የሚያበሽቀው፣ ከመጣህማ ነገ ምን ልትሠራ ነው፣ አብረው ይስቃሉ፣ የአንተስ ኽምጣኛ ይለዋል በሪሁን፣ ፍየል ስትል እኮ ሴትዮዋ ሸሸች። እነካዋለሁ ማለቱ ነው። ወይስ ነክቼዋለሁ ማለቱ፣ ልክ እንዳለው፣ አንዴ ስለነካሁት ሁለተኛው አይጨምርብኝም፣ እናንተ እጃችሁን አታርክሱ፣ ላስቲኩ፣ መቀሱ፣ የጎማ ላስቲክ በየቀኑ የሚቆርጥ ማን ነው፣ አሮጌውን ባትሪ ሲያመጣ ፊቱን ወዴት ነበር ያዞረው፣ ክርስትናው፣ አጥሩ… ወይም ደግሞ ምንም አላደረገም፣ ንጹሕ ሰው ነው፣ ለፀጋ ብሎ ነፍሱን ነው የሰጠው፣ ሰው ለሰው ይሄን ያደርጋል እንዴ፣ ወይ ሌባው ነው ወይ ከወንድም የበለጠ ወንድም ነው፣ አንዱ ነው፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል እንዴ? ወርዶ ይጠይቀው? በሪሁን ምን አልህ፣ ነክቼ ነው ወይስ እነካ፣ አንዲት ቃል ናት የምትለየው፣ አፉ ላይ ደርሳለች…

ይርዳው! ትላለች ፀጋ፣ ማርሹን!

ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ሁለተኛ። በሪሁን ብቻውን እየገፋ ነው፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገትሯል፣ ፒክአፑ ጣት ያህል ይሄድና ይመለሳል፣ ለአንድ ሰው ከባድ ነው፣ ይርዳው ወርዶ ሊያግዘው በሩን ይከፍታል፣ ያኔ አያ ብዙነህ ድንገት፣ በሪሁንን የነካ አላሉም! ይላሉ። ምን? መኪናውን የነካ ነው ያሉ፣ በሪሁንን የነካ አላሉም፣ ኑ! ዱላቸውን ጥለው ሽማግሌው ይሮጣሉ፣ ሁለት መዳፋቸውን በሪሁን ጀርባ ላይ ያሳርፋሉ፣ ቦሰና በአያ ብዙነህ ጀርባ ላይ፣ መንገደኞቹ በቦሰና ጀርባ ላይ፣ አንዱ በአንዱ፣ እጆች ሁሉ ከጋቢ ወጥተው፣ ስፖኪዮው ውስጥ አይበቁም፣ ግፋ! ግፋ በሪሁን! ሁሉም የሚገፉት በእሱ ነው፣ መኪናውን የያዘው የእሱ እጅ ብቻ ነው፣ ያ ሁሉ ሰው ክብደቱን የተገዘተው ሰው ላይ ጥሎ ነው የሚጸድቀው፣ በሪሁን መሐል ላይ ተጨፍልቆ ያቃስታል፣ አይለቅም። ጎማው ጠጠሩ ላይ ይዞራል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አሁን! ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ሞተሩ ያስነጥሳል፣ ይያያዛል፣ ጭሱ ሰዎቹን ይሸፍናቸዋል፣ እልል የምትለው ቦሰና ናት።

አላቆመም፣ ማቆም አይችልም፣ አመሰግናለሁ ለማለት እንኳ አልዞረም፣ በግቢው በር ወጥቶ ወደ አስፋልቱ ነው፣ እያለቀሰ ነው ለካ፣ በእጅጌው ይጠርጋል። ፀጋ ራሷን ትከሻው ላይ ጥላለች።

ሰማኸው? ትላለች።

ምኑን?

ተወው፣ ንዳ።

ሰምታለች ማለት ነው። መስማትስ ሰምታለች፣ ምን እንደሰማች ነው እንጂ፣ እሷ ኽምጣኛ ታውቃለች፣ ብትጠየቅ ትነግረዋለች፣ ነክቼ ይሁን እነካ፣ የበሪሁንን አማርኛ ከእሱ ይልቅ እሷ ናት የምትፈታው፣ አሁን ቢጠይቃት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። እጇ ጉልበቱን ይቆነጥጣል፣ ምጡ ሲመጣ ነው፣ ጥርሷን ነክሳ ትይዘዋለች፣ ሲሄድ ትለቃለች፣ ጥፍሯ ሲነሳ ይተነፍሳል። አይጠይቃትም። ዳገቱ ላይ ነው፣ የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ይታያል።

አባ ገብረ አማኑኤል ከፊት ለፊት በመንገዱ ዳር እየሮጡ ይመጣሉ፣ መሮጥ ከተባለ፣ መንገደኛው ክንዳቸውን ይዟል፣ መስቀላቸው በእጃቸው ነው፣ መኪናውን ሲያዩ መሐል መንገድ ገብተው ይቆማሉ። ሞተሩን ሳያጠፋ ፍሬን ይረግጣል፣ ሌላው እግሩ ነዳጅ ላይ፣ እንዳይሞትበት ያጓራዋል። አባ፣ አልቆምም፣ ፀጋ ናት። አየሁ ልጄ፣ አየሁ፣ መስቀሉን በመስኮቱ አስገብተው ግንባሯን ያሳልሟታል፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ማን ገፋው ታዲያ?

በሪሁን።

ጎሚስታው? የነካው እሱ ብቻ ነው? ጎሽ፣ ለነፍስ ብሎ ነው፣ የእሱን አሁኑኑ እፈታለሁ። የዚያ የባትሪው ሌባ ግዝት ግን ይቆያል፣ ራሱ መጥቶ እስኪናገር፣ አይደል?

ሞተሩ ያጓራል። ስንት ሳምንት ሙሉ ሲበላና ሲተኛ ያልተወው ነገር ይኸው በመስኮቱ በኩል ቆሞ ይጠይቀዋል፣ ይቆይ ቢል ይቆያል፣ በሪሁን አጥሩ ሥር እንደቆመ ይቆያል፣ አንድ እሑድ ሊቆርጥለት ይችላል፣ መጥቶ ይናገራል፣ ሁሉም ነገር ይታወቃል፣ ከታች ገብቶ እንዴት እንደፈታው፣ ለምን ላስቲክ እንዳሰረበት፣ ምን ቸግሮት እንደሆነ፣ ሁሉም። ማወቅ ይፈልጋል እኮ፣ እንዴት አይፈልግም፣ እስከ አጥንቱ ነው የሚፈልገው።

ሁለቱንም አንድ ላይ ይፍቷቸው አባ፣ ይላል።

ሽማግሌው መስቀሉን እንደያዙ ያዩታል። ሌባውን አወቅኸው እንዴ?

አላወቅሁትም።

እንግዲያ እግዚአብሔር ይፍታቸው ይላሉ አባ፣ ከመንገዱ እየወጡ፣ ፀጋ ከእሱ ቀድማ አሜን ትላለች።