የባላምባራስ እምሩ ኮሶ

ወይ ጉድ! ለመኪና ቤት ሊሠራ ብሎ የወፍ ቤት የሚያፈርስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባላምባራስ እምሩ እንዲያ ነበር ያሰቡት። ጣልያን ከወጣ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ እሳቸው ግን የጣልያን ፊያት ገዙ። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው ግቢያቸው፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ የቆመውን ትልቅ የኮሶ ዛፍ ለመቁረጥ ቆረጡ። ጋራዥ ሊሠሩበት ነዋ!

ክትፎ እየሸጠች የምትኖረው ተከራያቸው አሰፋች ይህን ስትሰማ ልትለምናቸው ሄደች። ዛፉ ላይ ሁለት አረንጓዴ ወፎች፣ ሲበሩ ክንፋቸው እንደ በርበሬ የሚቀላ፣ ጫጩት ፈልፍለዋል። ድሮ ወንዙ ዳር ነበር የሚኖሩት፤ የወንዙ ዳር ዛፍ ሁሉ ማገዶ ሆኖ ሲያልቅ እዚህ ተሰደዱ።

"ባሕር ዛፍ ሞልቷል፣ እዚያ ይሂዱ" አሏት ባላምባራስ።

"ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚሰግድ ዛፍ ጫጩት ይይዛል እንዴ? እስኪበሩ ሦስት ሳምንት ብቻ ይታገሡኝ፣ በሞቴ!"

"አይሆንም! ክረምት ሊገባ ነው፣ መኪናዬ ትበሰብሳለች።"

አሰፋች ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ዛፉ ሲወድቅ የሚያርፈው ሽንት ቤቱ ላይ ነው፤ ሰው ውስጥ ካለ አይቆረጥም። ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ ለዚያች ቀን ንጉሥ ነው፤ እንግዳ አይጠይቀውም፣ አለቃ አያዘውም። ማክሰኞ ሁለት ቆራጮች መጥረቢያ ይዘው ሲመጡ ጎረቤቷ ከሪማ ከሽንት ቤቱ ውስጥ "ኮሶ ጠጥቻለሁ!" አለች። ረቡዕ አሰፋች ራሷ ገባች። ሐሙስ የልብስ ሰፊው የአጽብሐ ተራ ሆነ፤ እሱ የሰው ድምፅ ማስመሰል ይችልበታልና በባላምባራስ ድምፅ "ሂዱ፣ ሌላ ቀን ኑ!" ብሎ መለሳቸው።

ባላምባራስ ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። "ግቢው በሙሉ በሦስት ቀን ኮሶ ጠጣ? እኔን ነው ሞኝ የምታደርጉት?" ቆራጮቹን አስጠርተው አዘዙ፦ "ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ኑ። ከውስጥ ማንም ቢጮህ ጆሮ እንዳትሰጡ። 'ባላምባራስ እምሩ ነኝ' ቢላችሁም ያው ልብስ ሰፊ ነው፤ ቁረጡ!"

እኚህ ሰው የአሰፋችን ክትፎ ሁለት ወር ሙሉ በጥሬው ሲውጡ ከርመዋል። "ለብለብ ላድርግልዎ" ስትላቸው "ወንድ ልጅ ጥሬ ነው የሚበላ!" ይሏት ነበር። ከፒያሳ መድኃኒት ቤት የገዙት ክኒን ሆዳቸው ውስጥ የገባውን የኮሶ ትል ንቅንቅ አላደረገውም። ቅዳሜ ማለዳ ባለቤታቸው ወይዘሮ አዳነች ከዚያው ዛፍ የወረደ ኮሶ በጥብጠው አጠጧቸውና ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልቅልኛል" አሉ ባላምባራስ። ኮሶ ግን ቀጠሮ አያውቅም።

በዘጠኝ ሰዓት መጥረቢያው ዷ! ሲል ባላምባራስ ውስጥ ናቸው።

"ቁም! ባላምባራስ እምሩ ነኝ! ኮሶ ጠጥቻለሁ!"

ቆራጮቹ በሳቅ ፈረሱ። "አጽብሐ፣ ዛሬስ አሳምረኸዋል!" ዷ!

አሰፋች እየሮጠች ደረሰች። ወፎቹ ከላይ እየዞሩ ይጮሃሉ፤ እሷም እንባዋ መጣ።

"አሰፋች! የኔ እመቤት! እኔ መሆኔን ንገሪያቸው!"

"ድምፅዎ አልተለየኝም" አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። "ባላምባራስ ከሆኑማ ስለ ጫጩቶቹ ምን ይላሉ? ሦስት ሳምንት..."

ዷ!

"ኃይለ ሥላሴ ይሙት! እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህን ዛፍ የሚነካው የለም!"

ከሪማ ሰማች፣ አጽብሐ ሰማ፣ ግቢው ሁሉ ሰማ። በዚያ ዘመን በንጉሥ ስም የማለ ሰው ቃሉን አጥፎ ሰፈር ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። አሰፋች የለመነችው ሦስት ሳምንት ነበር፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሰጡ።

"ተዉ ወንድሞቼ" አለች፣ "እውነተኛው ባላምባራስ ናቸው።"

ፊያቷ ዛፉ ሥር ቀረች። ጫጩቶቹ በረሩ፣ በዓመቱ ተመልሰው ጎጆ ሠሩ። ባላምባራስም በየማለዳው ባልዲና ጨርቅ ይዘው የመኪናዋን ጣሪያ ከወፍ ኩስ ያጥባሉ። "ምነው፣ ዛፉን አይቆርጡትም?" ያላቸው ሰው ሲኖር "ምያለሁ" ይላሉ። ክትፎም ለብለብ ነው የሚያዙት።