ጭረትና በረኪና

ልብስ ሰፊዋ ክፉ ነገር ገና መንገድ ላይ ሳለ በር ከፍታ የምትጠብቅ ሴት ናት። ልጇ ካሳለች የሳንባ ምች ነው፣ ባሏ ካመሸ መኪና ገጭቶታል። የሚገርመው፣ ሌላውን ሰው የሚያስፈራው ነገር እሷን አያስፈራትም ነበር። አብራቸው የምትኖረው የባሏ እህት በደሟ ውስጥ ኤች አይ ቪ እንዳለ ካወቀች ዓመታት አልፈዋል። በአንድ ሳህን ይበላሉ፣ ልጅም በተራ ያስተኛሉ። ጎረቤት ሲያንሾካሹክ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የምትውጥ ሴት ከሁላችንም ጤነኛ ናት ብላ አፍ የምታስይዘውም ልብስ ሰፊዋ ራሷ ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሿ ልጅ ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ቀድማ የደረሰችላት አክስቷ ናት። አክስትየዋ በአንድ ካፍቴሪያ ድንች ስትልጥ ስለምትውል ጣቶቿ ጭረት አያጡም። ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጉልበቷን በውሃና በሳሙና እያጠበች፣ ደረጃውን እንዲህ መትተሽው ነገ ቢከስሽስ እያለች ታስቃታለች። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ስትመጣ ግን ዓይኗ ያረፈው የአክስትየዋ አውራ ጣት ላይ ነው። ቀይ መስመር አለበት።

ልጅቷን ነጠቀቻት። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ጨርቅ በረኪና ነክራ ጉልበቷን ፈተገችው። ልጅቷ ቤቱን በጩኸት አናጋችው። አክስትየዋ ከውጭ ሆና፣ የሚሸተኝ በረኪና ነው እንዴ ብላ አንዴ ጠየቀች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ ልጅቷን አዝላ ጤና ጣቢያ ሮጠች። ያገኘቻቸው ነርስ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ነገሩን ሰምታ፣ የአክስትየዋ ጣት ይደማ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ ስታስበው፣ ቀላ ይበል እንጂ ደርቆ ቅርፊት ይዞ ነበር። ደም ሲፈስ አይታለች? አላየችም። አክስትየዋስ መድኃኒቷን ታቋርጣለች? እኔ ምሳዬን እረሳለሁ እንጂ እሷ ኪኒኗን አትረሳም አለች።

«ስሚኝ እናት፣» አለች ነርሷ። «የደረቀ ጭረት ከቁስል ጋር ስለተነካካ ቫይረሱ አይተላለፍም። ትኩስ ደም ክፍት ቁስል ውስጥ ቢገባ ኖሮ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ሰው ሳይውል ሳያድር መምጣት አለበት፣ በሦስት ቀን ውስጥ የሚጀመር መከላከያ መድኃኒት አለ። ያንቺ ግን እሱ አይደለም።» ጉልበቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። «ይልቅ ይሄን ልጅ ምን አቃጠላት?»

ልጅቷ እናቷን ቀደመቻት፦ «እማዬ በረኪና።»

ነርሷ ቅባት ቀብታ በፋሻ አሸገችው። ፋሻው በየቀኑ እንዲቀየር፣ ቁስሉም በውሃና በሳሙና ብቻ እንዲታጠብ አዘዘች።

ቤት ሲደርሱ አክስትየዋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሻንጣዋ በግማሽ ሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ ያጠናችው ይቅርታ ከአፏ ጠፋ፤ ነርሷ ያለቻትን ብቻ ደገመችላት።

«ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» አለች አክስትየዋ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እቴ፣ እኔ እኮ ልጅሽን ከማንሳቴ በፊት እጄን ሳላይ የቀረሁበት ቀን የለም። ዛሬም አይቼ ነው ያነሳኋት።»

ልብስ ሰፊዋ ፍርሃት የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ይህች ሴት በዚህ ቤት ውስጥ ስትስቅም ስታጫውትም ጣቶቿን እየቆጠረች መኖሯን ዛሬ ሰማች።

በማግስቱ ፋሻ የሚቀየርበት ሰዓት ደረሰ። ሻንጣው በግማሽ እንደሞላ ወለሉ ላይ ነው። ልጅቷ እናቷን አልፋ እግሯን ወደ አክስቷ ዘረጋች። አክስትየዋ ግን አልተነሳችም፤ ልብስ ሰፊዋን አየቻት። የሚጠበቀው የእሷ ቃል ነበር። ውስጧ፣ ያው ልማደኛው፣ «ግን ቢሆንስ?» ማለቱን አልተወም።

«ያዥልኝ፣» አለች፤ አዲሱን ፋሻ ሰጠቻት።

አክስትየዋ እጇን ወደ መስኮቱ አቅርባ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ልብስ ሰፊዋም አጠገቧ ቆማ፣ የራሷን በመርፌ የተወጋጋ እጅ እንደዚያው አየች። ከዚያ ልጅቷን መሃላቸው አስቀመጧት።