ማላኪ በእጁ የያዛት ኳስ

አልተጫወትኩም ቢል እኮ አለቀ፣ አንዲት ቃል ናት፣ እሑድ ማልያውን ለብሶ ሜዳ ይገባል፣ የኳስ ማኅበሩ ሊቀመንበር መምህር ሎፍተስ ራሳቸው መንገዱን እየጠረጉለት ነው፣ ስማ ማላኪ፣ እዚህ ካለነው እንግሊዝ አገር ሲጫወት ያየህ የለም፣ ጋዜጣ ስምህን ቢያወጣም፣ ጋዜጣ እንደሆነ ስንቱን ይቀደዳል፣ ይላሉ ዓይናቸውን ጠቀስ እያደረጉ፣ ኮሚቴው የተሰበሰበው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው፣ ማላኪ የተቀመጠው በልጅነቱ ፊደል የቆጠረበት ወንበር ላይ ነው፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሕጉን የማያውቅ የለም። የእንግሊዞቹን፣ በእግር ብቻ የሚመታውን ኳስ የተጫወተ፣ ቆሞ ያየም ቢሆን፣ የኛን፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን፣ ዓመት ሙሉ አይነካም። እሑድ ደግሞ ፍጻሜ ነው፣ አጥቢያው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዋንጫ ደጃፍ ደርሶ፣ ዘንድሮ ካለፈው መቼ ሊያገኘው።

ዋሽ ልጄ፣ ብላዋለች አክስቱ እትዬ ዴሊያ ጠዋት ዳቦውን ቅቤ እየቀባች፣ ሐሙስ ትዋሻለህ፣ ቅዳሜ ትናዘዛለህ፣ እሑድ ትጫወታለህ፣ ምን ጎደለህ።

ምን ጎደለው፣ እውነቷን እኮ ነው፣ ግን አሥራ አንድ ጨዋታ፣ ብዙ አይደለም እናንተዬ፣ ቢሆንም እንግሊዝ አገር ደመወዝተኛ ሆኖ የተጫወተው አሥራ አንድ ነው፣ አሥሩን ማንም አያነሳለትም፣ አሥራ አንደኛው፣ አንድ ለዜሮ እየመሩ፣ ሁለት ደቂቃ ቀርቶ፣ ኳሷ ከማዕዘን ከፍ ብላ መጣች፣ ኧረ እንዴት ያለች ከፍታ፣ ዘለለ፣ እጁ ቀደመው። በሁለት እጁ። ጥርቅም አድርጎ ይዞ ደረቱ ላይ አቀፋት፣ ሁለት እርምጃም ሮጠባት፣ ከዚያ የሕዝቡ ሳቅ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ጎል፣ አንተ ባላገር፣ ድንች መሰለችህ የምትለቅማት፣ አሰልጣኙ ነው፣ ሰኞ ሻንጣውን አስያዙት። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከፍ ያለችን ኳስ ያዝ ያዝ እየተባለ ያደገ እጅ ምን ያድርግ።

እህሳ፣ ተጫውተሃል ወይስ አልተጫወትክም፣ ይላሉ መምህር።

ተጫውቻለሁ መምህር። አሥራ አንድ ጊዜ።

እንዴት ወጣው፣ አሁን ቢመልሰውም አይመለስ፣ መምህር ሎፍተስ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይታገድ የሚሉ የኮሚቴው እጆች ይወጣሉ፣ መጀመሪያ የወጣው የጋሽ ፌስቲ ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን ብስክሌታቸውን አጥር ሥር ደብቀው የእንግሊዝ ኳስ የሚያይን ሰው ስም ሲመዘግቡ የኖሩት። አንድ ዓመት። በቃ።

ውጭ ያካፋል፣ ብስክሌቱን ሲያነሳ ጋሽ ፌስቲ ከኋላው ይመጣሉ፣ ምን ቀራቸው ደግሞ፣ አንተ ልጅ፣ ያቺ ኳስ ከፍ ያለች ነበረች ይባላል፣ ከግቡ አናት በላይ ነበረች ጋሽ ፌስቲ፣ የተጋፋህ አልነበረም ወይ፣ ሁለት ነበሩ፣ ግዙፎች፣ ታዲያ አላመለጠችህም፣ አላመለጠችኝም።

ሽማግሌው ዝናቡን ያያሉ። ወንድ ልጅ ኳስ እንደዚያ ነው የሚይዝ፣ ይሉና ብስክሌታቸው ላይ ይወጣሉ፣ እጄን ግን አሁንም አወጣብሃለሁ፣ እንዳትሳሳት።

እትዬ ዴሊያን ምን ይበላት፣ ቅዳሜ የምናዘዘው የለኝም ይላታል፣ ታኮርፋለች፣ ከዚያ እራቱን ታቀርባለች፣ ዳገቱ ላይ ዝናቡ ፊቱን ይገርፈዋል፣ ሁለት ነበሩ፣ ግዙፎች፣ አላመለጠችውም።