ምንም ሳትቀንሺ

አስካለማርያም የልጇ አንገት ላይ ባጅ እንደሌለ ያስተዋለችው፣ የባጃጁ ሹፌር ሂሳቡን ተቀብሎ ከሄደ፣ ማህደርም ውኃ ጠጥታ ሶፋው ላይ ከተዘረጋች በኋላ ነበር። ያኔ ነው ሰዓቱም የታወሳት። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው። የፋብሪካው ሰርቪስ ሠራተኛ የሚያደርሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

“ባጅሽስ?”

“ሚስተር ሊን ወሰደው።”

“አባረረሽ!”

“አላባረረኝም። አቦ መጀመሪያ ልተንፍስ፣ እማዬ!”

በአስካለማርያም ሐሳብ ግን ደመወዙ ቆሞ፣ የባሏ የኃይለየሱስ የስኳር መድኃኒት ተቋርጦ፣ በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር።

ማህደር ቀስ ብላ ነገረቻት። የልብስ ስፌት ፋብሪካው አስተርጓሚ ናት። ቻይናዊው ኃላፊ ሚስተር ሊን ሲናገር ወደ አማርኛ ትመልሳለች፤ የመስመር አለቆቹ ደግሞ በኦሮምኛና በሶማልኛ ያዳርሱታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስድቡን እያስቀረች ነው የሠራችው። ዛሬ ጠዋት ሚስተር ሊን አንድ ጥቅል ጨርቅ ተበላሽቶ አገኘና፣ “እነዚህ ጥቁሮች እንደ ከብት ካልተነዱ አይሠሩም” አለ። እሷ “ጥንቃቄ እናድርግ ብሏል” አለች። መካኒኩ ዲሪር ግን የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ ከቻይናዎች ጋር አምስት ዓመት ኖሯል። የያዘውን ማሽን ትቶ ተነሣና የተባለውን በሦስቱም ቋንቋ ጮኾ ተናገረ። ሥራው ቆመ።

“ዲሪርን አገዱት። ሴቶቹ ደግሞ ‘ስንሰደብ እየሰማሽ ታሳምሪለት ነበር?’ ብለው ከበቡኝ። አንዷ እግሬ ሥር ተፋች።”

“ባጁን ለምን ወሰደው ታዲያ?”

“ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሊያጣሩ የመንግሥት ሰዎች ይመጣሉ። ዲሪር ቻይንኛ በደንብ አያውቅም፣ አጣሞ ነው የተረጎመው ብዬ እንድፈርም ይፈልጋል። ስፈርም ይመልስልኛል።”

“ፈርሚ” አለች አስካለማርያም ወዲያው።

የሚኖሩበት ቤት አማቷ ፈረንሳይኛ በማወቃቸው ፈረንሳዮች ያስተዳድሩት ከነበረው ምድር ባቡር ያገኙት ነው። ቋንቋ ጣሪያ ነው ብላ ነበር ልጇን የማታ ቻይንኛ ያስመዘገበቻት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የዲሪር ሚስት ዳሃቦ ከቤቱ ጋር ወደተያያዘችው የአስካለማርያም ሱቅ መጣች። የምትገዛው ነገር አልጠየቀችም።

“እትዬ አስካለ፣ ማህደር አለች?”

“አልገባችም።”

ዳሃቦ ደጃፉ ላይ የወለቀውን የማህደርን ጫማ አየችው። ከዚያ ወደ አስካለማርያም ቀና አለች።

“ወላሂ ለጠብ አልመጣሁም። ስትገባ ንገሪያት። ዲሪር አልዋሸም፤ እሷም ታውቃለች።”

አስካለማርያም የሳሙና ካርቶን ታስተካክል ጀመር። ቀና ስትል ዳሃቦ ሄዳለች።

ሊመሽ ሲል ከውጭ የልጆች ጩኸት ተሰማ። “ቻይና! ቻይና!”

“ዞር በሉ እናንተ ባለጌዎች! ሰው አይደለም እንዴ?” ብላ አስካለማርያም በተነቻቸው።

ሚስተር ሊን ከመኪናው ወርዶ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ቆሟል። ሠላሳ አምስት ቢሞላው ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስላል። አንድ ፌስታል ፖም በሁለት እጁ ዘረጋላት። እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች።

“ማማ” አላት።

ገብቶ ተቀመጠ። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና መናገር ጀመረ። ረጅም ተናገረ። ሁለት ጊዜ ጣቱን ወደ ማህደር ቀሰረ።

“ምን አለ?”

“እንደ እህቴ ናት፣ አይጨነቁ ይላል።”

“ይህን ሁሉ ተናግሮ ይቺን ብቻ?”

ማህደር ከእናቷ እጅ የፖሙን ፌስታል ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“ፋብሪካም እንዲህ ነው የምታደርጊው?”

“አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ከአክስቴ ጋር ተኳርፋችሁ አንድ ግቢ ስትኖሩ ቃል የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ‘ክፉውን አስቀሪ፣ ደህናውን አድርሺ’ ትይኝ ነበር።”

እውነቷን ነው። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ቤቱም ሳይፈርስ የቆየው በእሷ ነው። አስካለማርያም በነጠላዋ ጫፍ አንገቷን ጠረገች።

“እኔና አክስትሽ እኩል ነበርን” አለች። “አሁን ያለውን ንገሪኝ። ምንም ሳትቀንሺ።”

ማህደር ወረቀቱን እያየች ተናገረች። “‘እኔ ባልቀጥራት ኖሮ እዚህ ሻማ ትቸረችር ነበር። ቻይንኛ የሚችል አሁን በከተማው ሞልቷል። ጭነቱ በጊዜው ካልወጣ እኔንም ያባርሩኛል። እናንተ ሰዎች ስድብ ለምዳችኋል፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ ነው ሁለት ዓመት ዝም ያለችው’ ነው ያለው።”

ሚስተር ሊን አማርኛ ባይሰማም፣ ዛሬ ትርጉሙ መርዘሙ ገባው። እስክሪብቶውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

“በይ አሁን የእኔን ንገሪው። ልጄ አትፈርምም። ነገ ሲጠይቋት የሰማችውን ትናገራለች። አሁን እዚህ ያልከውንም ጭምር።”

ማህደር አመነታች።

“ሳትቀንሺ አልኩሽ።”

ተናገረች። አንድም ቃል አላስቀረችም። ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ወጥቶ ሄደ።

መኪናው ከራቀ በኋላ አስካለማርያም ወደ ሱቁ ገባች፤ ማህደርም ተከተለቻት። ከጓዳ የኃይለየሱስ ሳል ይሰማል።

“ያባርረኛል፣ እማዬ።”

“ያባርርሻል።”

“የአባዬ መድኃኒትስ?”

“አላውቅም።” የሱቁን መስኮት ስባ ዘጋች። “ጠዋት በዲሪር ቤት በኩል ነው የምንሄደው። ዳሃቦን የማናግራት ነገር አለኝ፤ ከዚያ እስከ ፋብሪካው በር አብሬሽ እመጣለሁ።”

ማህደር ደጃፉ ላይ የቀረውን ጫማዋን አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባች። አስካለማርያም የግቢውን የብረት በር በትከሻዋ ገፍታ ገጠመችና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።