በወፍ መልክ የተፈረመው

ሐሙስ ከምሳ በፊት፣ ጀርመን አገር፣ ሳክሰንሃውሰን የሚባል ሰፈር ባለው የጃፓን ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሽማግሌው ሼፍ ሞሪ፣ አስተናጋጇ ቤዚና ሳህን አጣቢው ገሰሰ። ስልኩ ሲጮህ ገሰሰ እጁን በሽርጡ ጠረገ። ልጁ መቅዲ ናት፤ አዲስ አበባ፣ ከጀርመን ኤምባሲ የቪዛ መስኮት ፊት ለፊት ሆና ነው የምትደውለው።

"አባዬ፣ አንቀበልም አሉኝ።"

"ምን ጎደለ?"

"ፊርማህ! ፓስፖርትህ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። አባትሽ አልፈረመም፣ አብረሻት የምትኖሪው አክስትሽ ናት የፈረመችው አሉ።"

ገሰሰ ፓስፖርቱ ላይ ስሙን ከነአባቱ፣ አንድም ፊደል ሳያጎድል ነበር የጻፈው። ያን ጊዜ ቤዚ አይታ ስቃበታለች። "ጋሼ፣ ይሄ ፊርማ ነው ወይስ የአንደኛ ክፍል ደብተር?"

ሞሪ ግን አልሳቀም። ጥንት ቻይና ውስጥ ሹማምንት ስማቸውን እያጣደፉ ሲጽፉ ፊደሉ ቀልጦ ቅርጽ እንደሆነ ነገረው። ጃፓኖች ከእነሱ ወሰዱት፤ መጻፍ የማይችል ገበሬ ክብ ብቻ ይስል ነበር። የአንድ የጦር አለቃ ፊርማ ደግሞ ወፍ ነበረች። አመፅ የሚያነሳሳ ደብዳቤ ፈርመሃል ተብሎ ሲከሰስ፣ "የእኔ ወፍ ዓይኗ በመርፌ የተበሳ ነው፤ ይቺ ዓይን የላትም" ብሎ ከሞት ተረፈ ይባላል።

ገሰሰ ይህን ከሰማ በኋላ ከሥራ ሲመለስ ሲለማመድ ከረመ። "ገ"ን አንገት፣ "ሰ"ን ክንፍ አደረገ። መቅዲን ወደ ጀርመን ለማምጣት የተጠየቀውን የፈቃድ ወረቀት በዚያች ወፍ ፈረመ። ልጁ እንድትኮራበት ብሎ ነው።

"ሌላ ፈርመው ዛሬውኑ ይላኩት እንጂ፣ ጋሼ!" አለች ቤዚ።

"እሁድ አሥራ ስምንት ይሞላታል። ከዚያ ወዲያ ልጅ ናት ብለው በእኔ በኩል አያስገቧትም። እስከዚያ ሌላ ቴርሚን፣ ሌላ ቀጠሮ ደግሞ የለም" አለ ገሰሰ።

ሞሪ ቢላዋውን አስቀመጠ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ በጀርመንኛ።

"አባዬ፣ አለህ?" አለች መቅዲ። "አንተ አይደለህም እንዴ የፈረምከው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን እንደ ድሮው ስምህን አልጻፍክም?"

ገሰሰ ቤዚን አየ፤ ሞሪን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ማጠቢያው አዞረ።

"እጄን አሞኝ ነበር።"

ለቅሶዋን ስትውጥ ተሰማው።

"አሁንስ ተሻለህ?"

"ተሽሎኛል።"

መስኮቱ ከቀትር በኋላ ተዘጋ። እሁድ መቅዲ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት፤ ማመልከቻዋ አልገባም።