የግራ ጆሮ

አናጢው ሦስተኛውን ከርከሮ በገመድ እየጎተተ ሲገባ ለቀስተኛው እግሩን ሰበሰበለት። ደሙ ከበሩ እስከ ወንበሮቹ ወለሉ ላይ ተሰመረ። የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ እጁ ከጠመንጃ ይልቅ መጋዝ ይቀናዋል፤ ግን ወንድሙ ከተቀበረ ጀምሮ ጫካ ለጫካ ሲዞር ነው የሰነበተው። የአውሬውን ጭንቅላት በጫማው ገለበጠና የተቀደደውን ግራ ጆሮ አሳየ።

«ይሄ ነው እትዬ?» አላት የወንድሙን ሚስት።

ሴትዮዋ ከወንበሯ ሳትነሳ አየችው። ለበቀል የቸኮለ ሰው ወንድና ሴት አይለይም፤ ይህች የገደላት እናት ከርከሮ ናት፤ ጡቷ ወተት አግቷል።

«አይደለም» አለች።

ቡናው በፔርሙዝ ሲዞር ሹክሹክታውም አብሮ ዞረ። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ለጎረቤቱ፣ ሟች ያንን ነፍሰ ገዳይ ከርከሮ ከኩሽናው ምድጃ ሥር በጡጦ እንዳሳደገው፣ ልጆች የሚሻሙበትን መጽሐፍም ስለሱ እንደጻፈ ነገረው። ሰፈርተኛው ሰውየውን «አባ ከርከሮ» ሲለው ደስ ይለው ነበር። ጎረቤትየው ባጎረሰ ተነከሰ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ተነክሶ ብቻ ቢሆን ምን ነበር። ክራንቻው ጭኑን ከጉልበቱ እስከ ብሽሽቱ ዘንጥሎት፣ በሆዱ እየተሳበ ነው ደጃፉ የደረሰው። ሚስቱ በሽርጧ አሰረችው፤ ሽርጡ ራሰ። አንሶላ ጨመረች፤ እሱም ራሰ።

«ከኋላው ደርሼበት ነው» አላት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ለወንድሜ እንዳትነግሪው።»

ምኑን እንደማትነግር አልጠየቀችውም። ድሮ ስለ አንዲት ነብር በጻፈ ጊዜ አዳኞች መጽሐፉን ይዘው ጫካ ገቡ፤ በቆራጣ ጅራቷ ለይተው ገደሏትና ቆዳዋን ገፈው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየታሪኩ አንድ ምልክት አውቆ ያዛባ ነበር። አውሬው በራሱ ጊዜ ሲሞት ብቻ የገዛ ቅጂውን ያወጣል፣ ውሸቱን ይሰርዛል፣ እውነቱን ከላዩ ይጽፋል፣ ቀለሙ እስኪደርቅም እፍ ይልበታል። የከርከሮው የተቀደደ ጆሮ ቀኙ ነው። መጽሐፉ ግራ ይላል። ወንድምየው ደግሞ የሚያድነው በመጽሐፉ ነው፤ እርስ በርሱ ሲዋጋ በሚውል ከርከሮ መሀል ግራ ጆሮው የተቀደደ ሞልቷል።

«ጫካው ባዶ እስኪሆን አልተውም» አለ አናጢው፣ ጥይት እያጎረሰ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ የጓሮው አጥር ተንኳኳ። ሟች በየቀኑ የድንች ልጣጭ የሚያቀርብበት ሰዓት ነው፤ ለልጣጩ ብሎ የሚመጣ ከርከሮ ብዙ ነው። አናጢው ሮጦ ወጣ፤ አነጣጠረ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

«ይሄስ አይደለም። ግራው ደህና ነው።»

ሴትዮዋ ከኋላው ቆማ ነበር። ወተት ያጋተውን ጡት አሰበች፤ ሽርጧንም አሰበች። ለቀሩት አውሬዎች ብላ ነው ቢባል ግማሹ እውነት ነው።

«ቀኙን እየው» አለችው። «መጽሐፉ ውሸት ነው።»

የመጀመሪያው ጥይት መንጋጋውን ሰበረው። ከርከሮው ግን ወደ ጫካው አልሸሸም። አጥሩን ጥሶ፣ ደም እየረጨ፣ እየጮኸ ጡጦ ወደጠባበት ወደ ኩሽናው በር ሮጠ። ሁለተኛው ጥይት ከደረጃው ሥር ደፋው። እግሮቹ ጥቂት መሬቱን ቧጠጡና ቆሙ።

ደስ አላት። ደስ መሰኘቷ ደግሞ ራሷን አስጠላት። አናጢው ጠመንጃውን ጥሎ ተቀመጠና፣ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጅ አለቀሰ።

አልፋው ገባች። ከባሏ ጠረጴዛ ላይ ቅጂውን አንስታ ገጹን ፈለገች። በሱ ብዕር «ግራ» የሚለውን ሰረዘች፤ ከላዩ «ቀኝ» ብላ ጻፈች። ከዚያም ጎንበስ ብላ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት።