በድምፅ የሚያውቋት

«ሰው ሁሉ ቀብሮ ከተመለሰ በኋላ መጣች» አለች አንዷ ጎረቤት፣ ሹክሹክታ በመሰላት ድምፅ።

ሐኪሟ ሰማቻት፤ ግን አልተቆጣችም። እናቷ ድንገት ወድቃ መሞቷ ሲነገራት የምትሠራበት ደሴት ላይ ነበረች፤ ማዕበሉም ጀልባ አላስወጣ አለ። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ቤት ስትደርስ የቀረው መቀመጥ ብቻ ነበር። ከግድግዳው ጥግ ጥግ የተደረደሩ የውሰት ወንበሮች ላይ ሰው ሻይ ይዞ ይቀመጣል፣ ይተክዛል፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ትንሽ ያወራል፣ ይሄዳል።

አክስቷ፣ የእናቷ ታናሽ፣ ጠጋ አለቻት። «የሆስፒታሉ ሰውዬ ዛሬም ደወለ። የሐኪሙ ቦታ ገና ክፍት ነው፣ ከዚህ በእግር ይደረሳል። እህቴ አንቺን እዚህ ማየት ፈልጋ በሕይወቷ ያልሆነላት አሁን እንኳ ይሁንላት።»

«እሺ እለዋለሁ» አለች ሐኪሟ። የምትከራከርበት አቅም አልነበራትም።

እናቷ የአውቶብስ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ልጇን ብቻዋን ያሳደገችው በዚያ ሥራ ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ስትል ኋላ ወንበር ላይ የተኛ ይነቃል። ቤቷም ውስጥ ያው ናት፤ «ጨው አቀብዪኝ» ስትል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ልጇ በሕክምና ስትመረቅ አዳራሹን በእልልታ ያናወጠችው እሷ ናት። ልጇ «ደሴት ልሄድ ነው» ያለች ቀን ግን ያ ድምፅ ጠፋ።

«አስተምሬ አስተምሬ ለዓሣ ልስጥሽ?» አለች ቀስ ብላ። ልትሸኛትም አልወጣች።

ከዚያ ወዲህ በስልክ ሲገናኙ ወሬዋ አጭር ሆነ። «ደህና ነሽ? ጎሽ። በይ ሥራሽን ሥሪ።» ስልኩ ይዘጋል። ሐኪሟ ቂም ነው ብላ ያዘችው። ደሴቷ ላይ ሌላ ሐኪም ስለሌለ ምጡም፣ ስብራቱም፣ መንጠቆ የወጋው እጅም የሚመጣው ወደ እሷ ነበር፤ ቁጭ ብላ ስለ ቂም የምታስብበት ጊዜ አላገኘችም። አሁን ግን ጊዜ ሞልቷታል።

ከሰዓት በኋላ የደሴቷ ጤና ጣቢያ ነርስ ረጅም ቁመቱን አጎንብሶ በበሩ ገባ። ከኋላው ጀልባ ነጂው፣ ከእሱም ኋላ በከዘራ የሚራመዱ አንዲት አሮጊት ተከተሉ፤ የደሴቷ ዓሣ ሻጭ ናቸው። የሦስቱም ልብስ እስከ ጉልበት ርሷል። ሐኪሟ ብድግ አለች።

«እማማ! በዚህ እግርዎ? ቁስሉ ገና መቼ ደረቀና!»

«ዛሬ ሐኪም አይደለሽም፣ ሐዘንተኛ ነሽ። ተቀመጪ» አሏት። ከዚያ ከዘራቸውን ጥለው እዬዬ አሉ፤ የሥጋ እህታቸው የሞተች ይመስል።

አክስቷ ግራ ገባት። «እናቴ፣ እህቴን የት ያውቋታል?»

«በስልክ ነዋ!» አሉ ዓሣ ሻጯ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «የጤና ጣቢያው ስልክ ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ወረፋ የምንጠብቅበት አግዳሚ አጠገብ። እኔ ደግሞ በስኳሩ ምክንያት ቁስሌን ላሳጥብ በየማለዳው እዚያ ነኝ። ይጮኻል፣ አነሣለሁ። ‹ልጥራልሽ?› ስላት ‹ተያት፣ ሰው እያከመች ይሆናል። በላች? ተኛች? ከስታለች?› ትለኛለች። ሁሉን ነግሬያት ስጨርስ ‹አንቺስ መድኃኒትሽን ዋጥሽ?› ትላለች። ያልዋጥኩ እንደሆነ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የምሰማት።»

«እኔም እኮ ጀልባዬ ላይ ሆኜ እሰማት ነበር» አለ ጀልባ ነጂው። አንድ ሁለት ሰው ሳቁን ዋጠ።

«እኔን ሁለት ቃል አናግራኝ ነበር የምትዘጋው» አለች ሐኪሟ። «ተቀይማኝ ነው የሞተችው።»

«ወሬሽን ከኔ ጨርሳ ምን ትበልሽ?» ዓሣ ሻጯ እጇን ያዟት። «መጀመሪያ ላይማ ከፍቷት ነበር፣ አልዋሽሽም። አንድ ቀን ፈርቼ ‹ልትወስጂብን ነው?› ብዬ ጠየቅኳት። ‹ትኬት ቆራጭ ነበርኩ እኮ› አለችኝ። ‹ሰው የሚወርድበትን ራሱ ያውቃል። የኔ ሥራ በሩን ማስከፈት ነው።› ‹ታዲያ ይኼን ለምን ለሷ አትነግሪያትም?› ብላት ‹አብደሻል? ከነገርኳትማ እዚያው አግብታ ትቀራለች!›»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሐኪሟም ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። ከመጣች ጀምሮ እንባ ሲወጣት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ዓሣ ሻጯ ደረታቸው ላይ አስደግፈው እስኪወጣላት ጠበቋት።

«በይ አሁን መልኳን አሳዪኝ» አሏት ቆይተው። «እኔ የማውቀው ድምጿን ብቻ ነው።»

ሐኪሟ ከጓዳ ፎቶ አመጣች፤ የትኬት ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ አውቶብስ በር ላይ የቆመች ሴት። ዓሣ ሻጯ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት።

«ውይ፣ አጭር ናት እንዴ! በድምጿስ ጣሪያ የምትነካ ነበር የመሰለችኝ።»

አመሻሽ ላይ እንግዶቹ ጎረቤት ቤት ሊያርፉ ሄዱ። አክስቷ ብርጭቆ ትሰበስብ ነበር። ፊቷን ሳትመልስ «ለሆስፒታሉ ሰውዬ ምን ልበለው?» አለች።

«አመሰግናለሁ በይልኝ። ሐዘኑ ሲያበቃ ወደ ደሴቷ እመለሳለሁ።»

አክስቷ ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ ወደ እህቷ ክፍል ገባች፤ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ተሰማ። ስትወጣ ሰማያዊ ወፍራም ሹራብ ይዛ ነበር። ሐኪሟን አቁማ እጅጌውን አንድ በአንድ አለበሰቻት።

«እዚያ ይነፍሳል አሉ» አለች። ከታች ጀምራ ቁልፎቹን ትቆልፍ ጀመር፣ ትምህርት ቤት እንደምትልካት ሕፃን።

ቤቱ ይሞቅ ነበር። ሐኪሟ ግን፣ አክስቷ የአንገቱን ቁልፍ እንድትደርስበት አገጯን ቀና አደረገች።